ዋስ የሌለው ላፕቶፕ

መስከረም 20፣ ማክሰኞ። ጠዋት 2፡00

ሐሰት ነው። ለልጅ ልጄ ለሲፈን ላፕቶፕ አልገዛም ብዬ አላውቅም።

ወሬውን የሰማሁት ቦኖው ላይ ነው። ውሃ ልቀዳ ተሰልፌአለሁ። ከፊቴ ያሉት ሁለት ሴቶች ከኋላቸው መቆሜን አላዩም። አዴ አስቴር የልጅ ልጇን ኮምፒዩተር በእርሳስና በደብተር ታስተምራለች፣ ገንዘቧን ይዛ ልትቀበር ነው፣ ተባባሉ። ሣቁ። ዞር ሲሉ አዩኝ፤ አንዷ ጄሪካኗን ጣለች። አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ አሉኝ። በአግባቡ መለስኩ።

ደብተር፣ እውነቱን ጽፌ ላስቀምጥ። የወሬው ግማሽ ሐሰት፣ ግማሹ እውነት ነው። ልጅቷ በደብተር መጻፏ እውነት ነው። የዌብሳይት ሥራ በስልኳ እያየች ትማራለች፤ ያየችውን በካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ ትገለብጣለች። ሦስት ደብተር ሞልታለች። ከእራት በፊት አርምላታለሁ። የተጻፈው አይገባኝም። ግን የተከፈተ ሁሉ መዘጋት አለበት ብላኛለች፤ ያልተዘጋውን በቀይ አከብበታለሁ። ትላንት አራት አገኘሁ። ሠላሳ ዓመት የጽሕፈት መኪና ያስተማረ ዓይን በከንቱ አያረጅም።

ላፕቶፕ እስካሁን ያልገዛሁት ንፉግ ሆኜ አይደለም። የሚሸጡትን ሰዎች ስለማላምን ነው።

ወሬውን ያወጣችው ጎረቤቴ ወ/ሮ ጫልቱ ናት። ማስረጃ፦ ባለፈው እሑድ ወንፊት ልትወስድ ስትመጣ ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሌላ ሰው አላየውም። አሁን መጥታ ይቅርታ ብትለኝ አልቀበልም። ልጅ ሳለሁ ያስተማረችን የሚስዮን ት/ቤት መምህርት አንድ ሕግ ነበራት፦ በሰሌዳ ላይ የተሠራ ስሕተት በሰሌዳ ላይ ይታረማል። ወደ ጠረጴዛዋ ሄዶ በጆሮዋ ማንሾካሾክ አይቻልም፤ ክፍሉ ሁሉ እያየ፣ ጠመኔ ይዞ፣ በዚያው ቦታ። እኔም ለተማሪዎቼ ይህንኑ ሕግ አወረስኩ። በቦኖ የተባለ በቦኖ ይታረማል።

ሲፈን (ሲ. ብዬ ልጻፋት) ጥቅምት 3 ኮሌጅ ትገባለች። ኮምፒዩተር ሳይንስ። ያለ ላፕቶፕ የገባ የሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያይ ይከርማል ትላለች። ለአንዲት የኑኑ ቁምባ ማር ነጋዴም ዌብሳይት ልትሠራ ቃል ሰጥታለች፤ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። እናቷ፣ ልጄ፣ ጊምቢ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ምርጫውን ለእኔ ትታለች። 13 ቀን ቀረን።


መስከረም 21፣ ረቡዕ

ዝናብ። መስከረም ሊያልቅ ነው፣ ክረምቱ አልወጣም።

ሲ. አስቀምጣ አስተማረችኝ። ስትነግረኝ ጻፍኩ፤ መልሼ አነበብኩላት፤ ሁለት ቦታ አረመችኝ። ራም ማለት ጠረጴዛ ነው። ሰፊ ሲሆን ብዙ ወረቀት ባንዴ ይዘረጋል። ለዌብ ሥራ ከስምንት ያነሰ አይሆንም። ኤስኤስዲ ማለት ቁም ሣጥን ነው፤ የድሮው ዓይነት እየዞረ ይፈልጋል፣ ይኼ ወዲያው ያወጣል። ባትሪ ማለት ባትሪ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ያለ ባትሪ ላፕቶፕ ድንጋይ ነው። ፕሮሰሰር የሚሉትን ሦስቴ አስረዳችኝ፣ ሦስቴም አልገባኝም። መጨረሻ ላይ በሬው ነው፣ አኮ አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። ይህ ገባኝ። አያትሽ የገበሬ ልጅ ናት አልኳት።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አዲስ አልፈልግም ትላለች። ያገለገለ፣ ጠንካራ፣ የቢሮ ዓይነት ይበቃኛል ትላለች። በ18 ዓመቷ አዲስ ነገር የማትፈልግ ልጅ አይቼ አላውቅም። የሚተርፈውን ገንዘብ ምን ልታደርጊው ነው? ጠየቅኋት። ለእርስዎ መነጽር አላለችም፣ ለሌላ ነገርም አላለችም፤ አይተርፍም አለች። መልስ ሆኖ አላገኘሁትም።


መስከረም 22፣ ሐሙስ። ከሰዓት

መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የገመቹ ሱቅ ሄድን። ገመቹ የቀድሞ ተማሪዬ ልጅ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ይዘምራል። ሱቁ መስታወት በመስታወት። አዮ፣ አዮ፣ እናቴ እያለ ወንበር አቀረበ፤ ለስላሳ አስከፈተ። አልጠጣሁም። ከሽያጭ በፊት የሚጋበዝ ለስላሳ ከሽያጭ በኋላ ይከፈላል።

ቀጭን፣ ብርማ፣ የሚያምር አወጣልን። አዲስ ነው አለ። የተለጠፈበት ወረቀት ራም ስምንት ይላል። ሲ. ከፍታ ውስጡን አየችና ወደ እኔ አዞረችው። አራት ይላል። ገመቹ ሣቀ፤ ቀሪው ነገ ይገባል፣ ዋናው ቦታው መኖሩ ነው አለ። በፕላስቲኩ ሥር የጣት አሻራ አለ። ከፕላስቲኩ በላይ ቢሆን አልናገርም።

ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ጎትቼ አሥሩን ጣቶቼን በቦታቸው አኖርኩና ለጀማሪ የምሰጠውን መልመጃ ጻፍኩ። ቁልፉ እንደ ሊጥ ይሰምጣል። ሁለት ፊደል ዋጠ። ተነሣሁ። ዋጋ ሊቀንስ በር ድረስ ተከተለን። እመለሳለሁ አልኩት፤ ዋሽቻለሁ። ለትሕትና ነው፤ ግን ውሸት ነው።

መንገድ ላይ ሲ. እየሣቀች ክንዴን ያዘች። ስልኳን የሚጠግንላት አንድ ሰው እንዳለ፣ የዕቃውን ነውር እንደማይደብቅ ነገረችኝ። የዕቃ ነውር የማይደብቅ ነጋዴ ሌላ የሚደብቀው አለው።


መስከረም 23፣ አርብ። 8፡00

ከገበያው በታች ነው። የሰው ግቢ አጥር ላይ የተደገፈች የቆርቆሮ ክፍል። ይማም ይባላል። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ከሲታ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። ወላጆቹ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው ኪራሙ የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ እዚያው ተወለደ። አሁን እዚህ ስልክ ይጠግናል። ኦሮምኛው ከአንዳንድ የነቀምቴ ልጆች ይሻላል፤ አማርኛው ግን የወሎ ነው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤቴ፣ ስለ ከብቶቼ ጠየቀኝ። ከብት የለኝም አልኩት። እንግዲያው ስለ ዶሮዎቼ ጠየቀ። ሲ. ሣቀች። እኔ አልሣቅሁም።

ላፕቶፕ ያለው አንድ ብቻ ነው። መደርደሪያ ላይ አልነበረም። ከጠረጴዛው ሥር፣ በንጹሕ ፎጣ ከተጠቀለለበት አወጣው። የሚሸጥ ዕቃ ለምን ይደበቃል?

ግራጫ፣ ከባድ፣ ጥጉ የተፋቀ። ሲ. እንደ ሐኪም መረመረችው። ራሙ ስምንት። ኤስኤስዲ። ባትሪው እንደ ዕድሜው ደኅና። ፊቷን ለማየት አልቻልኩም፤ እንዳላይ አቀርቅራለች። ስትወድ እንዲህ ናት።

ተራዬ ደረሰ። ዓይኔን ጨፍኜ ጻፍኩ። ቁልፉ ይመልሳል፤ ይጫናል፣ ይነሣል፣ አይውጥም። ዓይኔን ስከፍት ሰውዬው ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሟል። ምን ሆነሃል አልኩት። ምንም አለ።

አንድ ነገር አየሁ። ፊደሎቹ ደኅና ናቸው፤ ቁጥሮቹ ግን ተፍቀዋል። ሰባት ከነጭራሹ የለችም። ሰው ከፊደል ይልቅ ቁጥር የሚጽፈው ምን ሲሠራ ነው? የማን ነበር አልኩት። የአንድ አስተማሪ አለኝ፤ ይህን ሲል የሚያየው ወደ መፍቻው ነው።

እንግዲህ ያባቴን ሕግ አወጣሁ። አባቴ ኑኑ ቁምባ በሬ ሲገዛ ገንዘብ ወዲያው አይቆጥርም። በሬው ሦስት ቀን ከእሱ በሬ ጋር ይጠመዳል። ይተኛል? ይራገጣል? ለዚህ ሻጩ ዋስ ያቆማል፤ የሚታወቅ፣ ቤቱ የማይነቀል ሰው። ለይማም ይህንኑ ነገርኩት፦ ሦስት ቀን ልጠምደው፣ ዋስ ጥራ። ላፕቶፕ እንደ በሬ የሚገዛ ሰው አይቶ እንደማያውቅ ከፊቱ አየሁ። ግን አላፌዘም። ደንቡን ያውቀዋል።

ዋስ የለኝም አለ። ይዘውት ይሂዱ አለ። መያዣ አልጠየቀም። ስልክ ቁጥር አልጠየቀም። ስሜን ብቻ ጠይቆ ጻፈ። ስንወጣ፣ ቢመልሱትም አልቀየምም አለኝ። የትኛው ነጋዴ ነው ዕቃው ቢመለስበት የማይቀየም?

አባቴ፣ ዋስ ያጣ በሬ ከሰው በረት የወጣ በሬ ነው ይል ነበር።


መስከረም 24፣ ቅዳሜ። ከሰዓት 11፡30

ጠመድነው።

መብራት ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ጠፋ። ለሙከራው ጥሩ። ሰዓቴን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሲ. የመጀመሪያውን ደብተር ዘርግታ ከገጽ አንድ ጀምራ መገልበጥ ያዘች፤ ቀይ ክቤን ስታገኝ እያስተካከለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን አንድ ነገር ተጫነች። ነጭ ገጽ ወጣ፣ ቀጥሎ የማር ማሰሮ ሥዕል፣ ቀጥሎ በቢጫ ላይ ጥቁር ጽሑፍ። ያ ሁሉ የእርሳስ ጽሑፍ ይህ ነበር። ለሦስት ወር ያረምኩትን ዛሬ አየሁት።

ምን እንደተሰማኝ አልጽፍም። ማስመሪያ አመጣሁ። ስክሪኑ ላይ ለካሁ፤ የግራው ኅዳግ ከቀኙ ይሰፋል። ነገርኳት። አንዲት ቁጥር ለወጠች፣ እኩል ሆነ። በእኔ ጊዜ ቢሆን ገጹ ተቀድዶ እንደ አዲስ ይጻፍ ነበር። ደግማ እንድታሳየኝ አደረግሁ። ሦስቴ።

ባትሪው እስከ 7 ሰዓት ተኩል ቆየ። በሬው አልተኛም። ልገዛው ወስኜ ነበር።

ከዚያ መብራት መጣ፤ ሲ. ፋይሏን የምታስቀምጥበት ቦታ ስትፈልግ አንድ ፎልደር አገኘች። 8ኛ ሀ። 8ኛ ለ። ከፈተችው። የስም ዝርዝር ነው። ቶለራ፣ ዘይነባ፣ አበበ፣ ጫላ፣ ፋጡማ፤ እያንዳንዱ ከነአባቱ ስም። ፊት ለፊቱ ውጤት፣ ከፈተና ፈተና፣ ከዓመት ዓመት። መጨረሻው ላይ አስተያየት፦ ፈጣን ናት፣ ትቸኩላለች። ከብት ስለሚጠብቅ ያረፍዳል፣ አይቀጣ። ይህ በሥርዓት የተያዘ መዝገብ ነው። ከዚህ የተሻለ አልያዝኩም።

መዝገብ የት/ቤት ነው። መዝገብ ያለበት ዕቃ የት/ቤት ዕቃ ነው። የት/ቤት ዕቃ ገበያ አይወጣም። በፎጣ የሚጠቀለለው ለዚህ ነዋ። ዋስ የሚያጣው ለዚህ ነዋ።

ሲ. እንጠይቀው አለች። ሌባ አይጠየቅም አልኩ። መሆኑን በምን አወቅን አለች። ሁለት ቀን ላፕቶፕ ነክታ ልታርመኝ ቃጣች።


መስከረም 25፣ እሑድ

ጠዋት ቦኖ ወረድኩ። ሰልፉ ረጅም፤ ጫልቱም አለች። ስለ ሲ. ላፕቶፕ ጠየቀችኝ፣ በማር የተቀባ ድምፅ። ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ መለስኩ፦ ከገበያው በታች ያለው ስልክ ጠጋኝ፣ ያ ከኪራሙ የመጣው፣ የተሰረቀ የት/ቤት ኮምፒዩተር ይሸጣል፤ ልጅ ያላችሁ ተጠንቀቁ። ይህን የተናገርኩት ለሕዝብ ጥቅም ነው።

ከአምልኮ በኋላ ለገመቹም ነገርኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ እሱም ድሮ ጠርጥሮ እንደነበር፣ ለፍቅር ሲል ዝም እንዳለ ነገረኝ። ሰባት የሚሆኑ ሰዎች ቆመው ሰሙ።

ከሰዓት ሦስት ሰው ስለ ሌባው ሊጠይቀኝ ቤቴ መጣ። ስለ ደብተሩ ያነሣ የለም።


መስከረም 26፣ ሰኞ። 5፡00

ሦስቱ ቀን ሞላ። ላፕቶፑን ይዤ፣ የምናገረውን አሰናድቼ ሄድኩ። የቆርቆሮዋ ክፍል በትልቅ ቁልፍ ተቆልፋለች። ሸሸ አልኩ። ሲ. አብራኝ ነበረች። ከትላንት ወዲያ ጀምሮ ከእኔ ጋር የምትናገረው በጎን ነው፤ ጨው ያቀብሉኝ የምትለው ለግድግዳው ነው።

10፡00

ከቦኖ የሰማሁት፦ አልሸሸም። የግቢው ባለቤት ሌባ አላስጠልልም ብሎ ቁልፉን ቀየረ። የቀበሌ ጥበቃዎች መጥተው ደረሰኝ ጠየቁት። አሁን ሦስት ት/ቤት ዘርፏል ይባላል፤ ዕቃው በአይሱዙ ነው የመጣው ይባላል፤ አንዷ የአይሱዙውን ቀለም ነገረችኝ።

እኔ አንድ ነው ያልኩት። አንድ ላፕቶፕ። አይሱዙ አላልኩም።


መስከረም 27፣ ማክሰኞ። ከሰዓት 10፡00

መጣ።

የበሩን ብረት ሦስት ጊዜ በቀስታ መታ። ስሜን ጽፎ ስለነበር ጠይቆ አገኘኝ። ያንኑ ሸሚዝ ለብሷል፤ አልተተኮሰም። ግባ አልኩት፤ በረንዳው ይበቃኛል አለ። የምናገረውን ሁሉ ከቅዳሜ ጀምሮ በልቤ አሰናድቼዋለሁ፤ እሱ ቀደመኝ። ስለ ገንዘብ አልጠየቀኝም። ላፕቶፑን ይመልሱ አላለኝም። የጠየቀው ሲፈንን ነው፦ አንድ ፎልደር ነበር፣ አጥፍተሽው ይሆን? አላጠፋሁም አለችው። የበረንዳው ደረጃ ላይ ዝፍ ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ነገረን። ባጭሩ እጽፋለሁ። ኪራሙ የሂሳብ መምህር ነበር፤ የክፍል ኃላፊም። ላፕቶፑን የገዛው ራሱ ነው፣ ከደመወዙ። በግጭቱ ጊዜ ከኪራሙ ተፈናቅለው ሲወጡ በአንድ እጁ ልጁን፣ በሌላው ይህን ይዞ ወጣ። የት/ቤቱ የወረቀት መዝገብ አሁን የለም። ልጆቹ ተበትነዋል፤ ነቀምቴ ያለ አለ፣ አያና፣ አዲስ አበባ። አዲስ ት/ቤት ሲመዘገቡ ውጤት አምጡ ይባላሉ። ወላጆች ይደውሉለታል። እሱ ከዚህ እያወጣ ይጽፍላቸዋል፣ ይፈርማል። የሚቀበል ት/ቤት ይቀበላል፤ የማይቀበለውንም ደውሎ ይለምናል። ሊሸጠው ሲወስን ሁሉን በፍላሽ ገልብጦ ነበር። እሑድ ዕለት አንዲት እናት ስትደውል ፍላሹን ሰካው፤ አልከፍት አለ።

የተፋቁት ቁጥሮች ውጤት ናቸው። ስልሳ ሰባት። ሰባ ሰባት። ሰባ ዘጠኝ።

ለምን የአንድ አስተማሪ አልከኝ አልኩት። ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጬ አስተማሪ ነኝ ልበልዎ? አለኝ።

ለምን ያለ ዋስ ሰጠኸኝ አልኩት። መልሱን እንደተናገረው እጽፈዋለሁ።

«አዴ፣ ዋስ የሚሆነኝ ሰው ቢኖር ላፕቶፑን ለምን እሸጠዋለሁ? ዓይንዎን ጨፍነው ሲጽፉ አየሁ። አስተማሪ ናቸው አልኩ። አስተማሪ የተማሪ ውጤት አያጠፋም።»

ቀበሌው እስከ ሐሙስ ቀን ሰጥቶታል። የሚያውቀው የከተማ ነዋሪ ቀርቦ ዋስ ካልፈረመለት ክፍሏ አትከፈትም። የሚያውቁት ሁሉ እንደሱ ተፈናቅለው የመጡ ናቸው፤ ዋስነታቸው አይቆጠርም። ሚስቱ አርግዛለች። ይህን የነገረን ሲነሣ ነው፣ እንደ ዘበት፣ ለማዘን እንዳንቸገር።

ወሬውን ማን እንዳወጣው አያውቅም።

ጭራሽ ለመነኝ። እርስዎ በሰፈሩ የሚከበሩ ሰው ነዎት፣ አንድ ቃል ቢናገሩልኝ ይሰሙዎታል አለኝ። ሲፈን አየችኝ። አፌን ከፈትኩ። ሻይ ልስጥህ አልኩት። ሻይ።

አልጠጣም፣ ልሂድ ብሎ ሄደ። ላፕቶፑን አልወሰደም። ሦስት ቀን ብለው የለ፣ ሦስት ቀኑን ጨርሰው ይወስኑ አለ። ሦስቱ ቀን ትላንት እንዳለቀ ያውቃል። መምህር ነው፤ መቁጠር ይችላል።


ያው ዕለት። 12፡00

ደብተር፣ እዚህ ላይ ልሟገት ፈልጌ ነበር። ማስረጃ ነበረኝ፦ ፎጣው፣ ቁጥሮቹ፣ የዋስ ማጣት፣ መዝገቡ። አራት ማስረጃ። እያንዳንዱ እውነት ነው፤ ድምሩ ሐሰት። አንድ ተማሪ እንዲህ ቢደምርልኝ ምን እለው እንደነበር አውቃለሁ።

ከእራት በፊት ሲ. መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልተሳደበችም። የደብተሩን ነገር ለጫልቱ ልጅ የነገረቻት እሷ ራሷ መሆኗን ነገረችኝ። ጫልቱ አልነበረችም። በሐሜትም አልነበረም፤ አኮዬ ኮዴን በቀይ ያርሙልኛል ብላ ፎክራ ነው የነገረችው። ሴቶቹ የቀሩትን ራሳቸው ጨመሩበት። እስከዛሬ ያልነገረችኝ ፈርታኝ ነው።

ፈርታኝ።

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «አኮ፣ የእርስዎ ወሬ የተወራው ሁለት ቀን ነው፤ እንቅልፍ አጡ። የእሳቸው ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው።» እሷ ለእኔ እርስዎ፣ ለይማም እሳቸው። እኔ አንተ ነበር ያልኩት፤ በረንዳዬ ላይ፣ ለመምህር።

ሲ. አሁን ውስጥ ሆና ፎልደሩን ወደ ሁለት ፍላሽ እየገለበጠች ነው፤ አንዱ ለእሳቸው፣ አንዱ እኛ ዘንድ የሚቀመጥ። እናቷ ከላከችላት ላይ የሚተርፈው ገንዘብ አሁን ሥራ አገኘ፤ ፍላሾቹን ዛሬ ከሰዓት በእሱ ገዛች፤ ሳትጠይቀኝ። ሳትጠይቀኝ ጥሩ አደረገች። ስክሪኑ ላይ ስሞቹ ሲያልፉ አያለሁ። ከብት ስለሚጠብቅ ያረፍዳል፣ አይቀጣ።

ላፕቶፑን እንገዛዋለን። እሳቸው በሚጠሩት ዋጋ። ከዋጋው አንዲት ሳንቲም ቢቀነስልኝ አልቀበልም።

ነገ በተራ የማደርገው፦

መጀመሪያ መ/ር ይማም ዘንድ መሄድ ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። ቀድሜ ለእሳቸው ብቻ ብናገር የጆሮ እርማት ነው፤ እሳቸውም ጨዋ ስለሆኑ ግድ የለም ይሉኛል፣ እኔም ቦኖ መውረዱን እተወዋለሁ። ራሴን አውቃለሁ።

1. ቦኖ። 12፡30 ሳይሆን 1፡00፣ ሰልፉ ሲሞላ። ቃሉ አጭር ይሁን፦ ይማም ሌባ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። አላጣራሁም። ሐሰት ነው። መምህር ነው፤ ላፕቶፑ የራሱ ነው። አይሱዙ የለም። «ተሳስቼ ይሆናል» አይባልም። ሲጠይቁኝ መልስ፤ ሲሥቁ ዝም።

2. እዚያው፣ ለጫልቱ። እሷን የጠረጠርኳት በልቤ ነው፣ ማንም አልሰማም። ግን ስምንት ቀን ሙሉ ሰላምታ ነፍጌአታለሁ፤ እሱን ሰው አይቷል።

3. ገመቹ ሱቅ፣ ደንበኛ ባለበት። ለስላሳ አልጠጣም።

4. መ/ር ይማም። ሲ. ፍላሹን፣ እኔ ገንዘቡን። ወሬውን ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ ገንዘቡን ሳልሰጥ በፊት መናገር፤ ከተቀበሉ በኋላ ከሆነ እንዳይቀየሙኝ የከፈልኩ ይመስላል።

5. እሳቸው ከፈቀዱ ቀበሌ። ዋስ ብዬ መፈረም። መታወቂያዬ ከመሳቢያው ግራ ጥግ ነው። እስክሪብቶ የራሴን ልያዝ።

ወደ ቦኖ ስወርድ ጄሪካን አልይዝም። ውሃ ልቀዳ ወርጄ እግረ መንገዴን የተናገርኩ እንዳይመስላቸው። ባዶ እጄን እወርዳለሁ።